ሲጋራውንም ክኒኑንም የጣልኩ ዕለት

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ታውቁኛላችሁ፤ ባና፣ የሱፉን ብርድ ልብስ፣ የምሸምነው ከበደ ነኝ። ባለፈው ዓመት እዚሁ ቆሜ መስክሬ ነበር። ዛሬ ያንን ላስተካክል ነው።

ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ መስማት ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ሐኪም ክኒን ሰጠኝ፣ ረዳኝ። ሲጋራው ግን ከሕመሙ ጋር ገባ፤ ሳጨስ ድምፆቹ ራቅ የሚሉ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ከጨውና ከበርበሬው ጋር ፓኮ ትይዝልኛለች። «ተዉት፣ ሌላ ምን ደስታ አለው» ትላለች። አቁም ያለኝ ሰው አልነበረም። እያጨስኩ ስሸምን ስንት ባና አቃጠልኩ መሰላችሁ።

ከዚያ ጌታን ተቀበልኩ፤ ስሙ ይባረክ። ያን ዕለት ሲጸለይልኝ ልቤ ቀለለና ፓኮውንም ክኒኑንም እዚህ መሬት ላይ ወረወርኳቸው። ድኛለሁ ብዬ መሰከርኩ፤ እናንተም እልል አላችሁ።

ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ከዚያ እንቅልፍ ጠፋ፣ ድምፆቹ ተመለሱ። ጓሳ ተራራ ላይ ብቻዬን ስዞር ሣር አጫጆች አግኝተው ለእናቴ አስረከቡኝ። ሲጋራውም ተመለሰ። በመሰከርኩበት አፌ እያጨስኩ እንዴት ልምጣ? ጸሎት ቤቱን ዞሬ ማለፍ ጀመርኩ።

ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ ቤቴ መጡ። «እልል ያልነው እኛ ነን። ክኒኑን አንሣ ያለህ አልነበረም፤ ይቅር በለን» አሉኝ። ከእናቴ ጋር ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

ሲስተሯን «እንደኔ ያለ እብድ ሲጋራ ማቆም ይችላል?» አልኳት።

«እብድ አትበል፣ ታመሃል። የታመመ ሰውም ይችላል። ትፈልጋለህ?»

ወገኖቼ፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እፈልጋለሁ አልኩ።

«እንግዲያው ክኒንህን እንዳትተው። የምታቆምበትን ቀንም ቀድመህ ንገረኝ፤ ሲጋራው ሲቀር የመድኃኒቱን መጠን ማስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል።»

እናቴ ደነገጠች። «ሲጋራ ካጣ ይነሣበታል፣ ልጄ።»

«እየመጣችሁ አብረን እናየዋለን፣ እማማ» አለቻት።

ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ነበር የሚያስቸግረኝ። ጋሽ ታደሰ በዚያ ሰዓት እየመጡ የሽመናውን ክር እየጠቀለሉ ያደውሩልኛል። ጌታ ይባርካቸውና አይችሉበትም፤ ይተበተብባቸዋል። እኔ ትብትቡን ስፈታ ሰዓቱ ያልፋል። አንድ ቀን ተሸንፌ አጨስኩና ነገርኳቸው። «ነገም እመጣለሁ» ብቻ አሉኝ።

ካቆምኩ ስምንት ወር ሆነኝ፤ ክብር ለእርሱ ይሁን። ድምፁ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ዛሬ አልዋሻችሁም። ክኒኔም ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው፤ አልጥለውም።

ቤታችሁ እንደኔ የታመመ ካለ፣ ሲጋራ እየገዛችሁ ዝም አታሰኙት። ትፈልጋለህ ወይ በሉት። ጌታን እመኑት፤ በእኔ የጀመረውን ሥራ በአንድ ቀን አልጨረሰም፣ ግን አልተወኝም።

እናቴ እምነቷ ሌላ ነው፤ እዚህ አትገባም። ትናንት ሱቅ አብረን ቆመን ሳለ፣ ባለሱቁ እንደ ልማዱ ሳትጠይቀው ፓኮውን አቀረበላት። «መልሰው፣ ልጄ አያጨስም» አለችው። ከእኔ ቀድማ እሷ መሰከረች። ስሙ ይባረክ።