ደጊቱና የቆሙት ሽማግሌዎች

ደጊቱ ንፋስ መውጫ ላይ ጋዜጣ ከመጀመሯ በፊት አስተማሪ ነበረች። ዝግ ብላ ስትናገር ሰው ዝም ብሎ ይሰማታል። ጋዜጣውን የሚያዘጋጁት እሷ፣ ዜና የሚያመጣው ፍሬውና በኮምፒዩተር የምታቀናብረው ቅድስት ናቸው። ማስታወቂያ የሚሰጣቸው ከጠፋ ቆይቷል። ከአቶ እሱባለው የተከራዩዋትን ክፍል ከለቀቁ ሌላ የሚያስገባቸው አልነበረም።

ሰኔ ላይ፣ ሕዝቡ አዋጥቶ የገዛው የውኃ ፓምፕ ተሰረቀ የተባለው ውሸት እንደሆነ፣ የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ራሱ እንደሸጠው ጻፉ። በዓይኑ ያየ ሰው ስሜን አታውጡ ብሎ ነግሯቸዋል። ሰብሳቢው ደግሞ የአቶ እሱባለው አማች ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋዜጣዬን ልወስድ ስገባ ሽማግሌዎች ደረሱ። ከፊት የደጊቱ የንስሐ አባት አባ ቀለመወርቅ፣ ከኋላ አቶ እሱባለው። ደጊቱ ወንበር አስጠጋች፤ አልተቀመጡም። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። አባ ቆመው ለመኑ፤ የነገራችሁን ሰው ንገሩን፣ እናስታርቃለን፣ ክፍሉም አይነካባችሁም አሉ።

ሚስቱ ልትወልድ የደረሰችው ፍሬው ወደ ደጊቱ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ ለአባ ብቻ በጆሯቸው ብንነግራቸውስ?»

«የአባ ጆሮ ከአቶ እሱባለው ጆሮ ስንት ክንድ ይርቃል?» አለችው ቅድስት።

አባ ሰምተው ፈገግታቸውን ዋጡ።

ደጊቱም አባቶች ቆመው አልቀመጥም ብላ ተነሣች። ሁለቱ ባልደረቦቿም ቆሙ። አባ መቆሙ ከበዳቸው፤ መቋሚያቸውን ጠበቅ አደረጉ። ደጊቱ ይህን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እሺ የሚለው ቃል ግን ከአፏ አልወጣም።

«አባ፣ የእኔን ኃጢአት እርስዎ ያውቃሉ» አለች በመጨረሻ። «ሽማግሌ ቢላክብዎት ይናገራሉ?»

አቶ እሱባለው ያ ሌላ ነው፣ ያ ንስሐ ነው አሉ። አባ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እሺ ሳይባል የተቀመጠ ሽማግሌ ልመናውን ትቷል።

«እሱባለው ልጄ፣ ቤቱ ያንተ ነው፤ ያሻህን አድርግ። እኔን ግን ሁለተኛ ለዚህ ነገር አታምጣኝ።»

ሰኞ ዕቃቸውን በባጃጅ አወጡ። አሁን የሚሠሩት ደጊቱ ጓዳ ውስጥ ነው። ጋዜጣው ገጹ ቀንሷል፤ ባለፈው ቅዳሜ ግን ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ፓምፑን ያየው ሰው ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አጠገቤ ጫማውን የሚያጠልቀው ይሆናል።