ሮዝ ዝንቦች በእትየ የሺ ማሳ

እትየ የሺ አመድ ይነፋሉ። ወንፊቱን በመዳፋቸው መታ መታ ሲያደርጉት ደቃቁ ሰፌድ ላይ ይወርዳል፤ የከሰሉን ስብርባሪ በጣታቸው ለቅመው ይጥላሉ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ነጥቷል።

በልጅነታችን እዚህ ጋፋት ሽንኩርት ከትል የሚጠበቀው በአመድ ነበር። ጤዛው ሳይረግፍ እናቶቻችን በየትልሙ ይበትኑታል፤ እኛ ሴቶች ልጆች ቅንድባችን አመድ ለብሶ እየተሳሳቅን እንከተላቸዋለን። የእትየ የሺ እናት ትንሽ፣ ሐምራዊ፣ ዓይን የምታቃጥል የአበሻ ሽንኩርት ነበረቻቸው። ያች ዘር ዛሬ የቀረችው በእትየ የሺ ማሳ ብቻ ነው። አምና ትል ገብቶ ከሥሯ አበሰበሳትና አንድ መደብ የምትሞላ ብቻ ተረፈች። ይችም ከጠፋች ሌላ ከየት ትመጣለች?

የእርሻ ባለሙያው ሙሉቀን ዝንብ በካርቶን ይዞ የመጣው እትየ የሺ ይህን አመድ ሲነፉ ነው። እኔም ጎረቤታቸው አጥሩ ጥግ ቆሜ አያለሁ።

«አመዱን ይተዉት፣ እትየ። መድኃኒትም አይርጩ፤ የኛንም ዝንቦች ይጎዳብናል።»

«አንተ ልጅ፣ ዝንብ አነሰኝ ብየ ላኩብህ?»

«እነዚህ በጨረር መኻን የተደረጉ ናቸው። የማሳዋ ዝንብ ከነሱ ጋር ከተገናኘች እንቁላሏ አይፈለፈልም። ትሉስ ከየት ይመጣል?»

ካርቶኑ ተከፈተ። ከነባሮቹ እንዲለዩ ሮዝ ዱቄት ተነስንሶባቸዋል። ከከተማ ሽንኩርት ልትገዛ የመጣችው ነጋዴዋ ሐሊማ አጨበጨበች።

«ሂና ተቀብተው መጡ እኮ! እትየ፣ ሠርግ ደግሰው ሳይጠሩን?»

እትየ የሺም ሳቁ፤ ልባቸው ግን አላመነም። ማሰሪያው የተበጠሰውን የሟች ባላቸውን የመድኃኒት መርጫ ጠጋኙ አብዱልቃድር ዘንድ እንድታደርስላቸው ለሐሊማ ሰጧት።

«ሲጠገን ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ራሴ እወስደዋለሁ» አሏት።

ሙሉቀን የመንደሩን ማሳ ሁሉ እያዳረሰ በየሳምንቱ ዝንቡን ይለቃል። እንዲያም ሆኖ ከዚያች መደብ ጥቂት ቅጠል ቢጫ ሆነ። መርጫው ተጠግኗል መባሉን የሰሙ ጊዜ እትየ የሺ ቅዳሜ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ በማሳው በኩል ሲያልፉ አላስቻላቸውም፣ ጎንበስ ብለው ቢጫዋን ነቀሉ። ትል አለባት። አጠገቧ ያለችውን ነቀሉ፤ ንጹሕ። ራቅ ብለው ሌላ ነቀሉ፤ እሷም ንጹሕ። አፈሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው አሸተቷት።

«እማየ ጓዳ የገባሁ መሰለኝ» አሉኝ በአጥሩ በኩል ሲያዩኝ።

ከዚያ አንድ አረም ዓይናቸው ገባ፤ ቀጥሎ ሌላ። እኔም አጥሩን ዞሬ ገባሁና አብረን አረምን፤ አመድ የበተኑትን እናቶቻችንን አንድ ባንድ እያነሳን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልካቸው ጮኸ፤ ሐሊማ ነበረች።

«የት ቀሩ እትየ? አብዱልቃድር ሱቁን ሊዘጋ ነው።»

«ውይ! በይ ይቅርታ በይልኝ። በሚመጣው ቅዳሜ።»

ያች ሽንኩርት ተነቅላ፣ ለከርሞ ዘር ተጎንጉና ጣሪያቸው ሥር ተንጠልጥላለች። መርጫውን ግን እስካሁን ሄዶ ያመጣው የለም።