እፀገነት ያልሰማችው ግዝት

እፀገነት የወደቀችው በገበያ ቀን፣ ቢቸና ውስጥ፣ ከከብት ተራው ዝቅ ብሎ ባለው መታጠፊያ ላይ ነው። እኔ ጎረቤቷ ነኝ። ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ታሪኩን ራሷ ብትጽፈው ይሻል ነበር፤ ግን እሷ ተቀምጣ የምትጽፍ ሰው አይደለችምና ያየሁትንና የሰማሁትን እንደምችለው ላስቀምጠው።

ሥራዋ ከብት ማከም ነው። በየጠዋቱ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ሳይክል ታስነሣለች፣ የክትባቱን ሳጥን ከኋላ ታስራለች፣ ከከተማው ወጣ ወዳሉት ቀበሌዎች ትሄዳለች። ማታ አቧራ ለብሳ ትመለሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ያያት ነበር፤ በኋላ ለመደ። ሲያሟት "ያቺ ሞተረኛ" ይሏታል፤ ላም ምጥ ሲጠናባት ግን "እህት ዓለም፣ ድረሽልን" ነው።

የዚያን ቀን ሙሉአለም የሚባል ባጃጅ ነጂ ከፊቷ እየሄደ ነበር። ከመንገዱ ማዶ እጇን የዘረጋች ተሳፋሪ አየና ምልክት ሳያሳይ ድንገት ዞረ። እፀገነት ፍሬን ያዘች። ትተርፍ ነበር፤ ግን አስፋልቱ ላይ ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ ሽምብራ ነበርና የፊት ጎማው ሽምብራው ላይ ተንሸራተተ። ሞተሩ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ሄዱ። ተንከባልላ ያረፈችው ከሁለት የጭነት አህዮች እግር ሥር ነው።

ሰው ተሰበሰበ። ከሁሉ ቀድሞ የጮኸው ሙሉአለም ነው።

"ጡሩምባ ነፍቻለሁ! ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው!"

"ያንተ ጡሩምባ ከተበላሸ ዓመት አለፈው" አለች ባለ ሽምብራዋ፣ እህሏን በመዳፏ እያፈሰች።

አንድ ሸምገል ያሉ ሰው በዱላቸው ተደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ድሮስ ሴት ልጅና ሞተር ምን አገናኛቸው? ብለን ነበር እኮ።"

እፀገነት ከመሬቱ ላይ ቀና አለች። "አባቴ፣ መጀመሪያ ያንሡኝ። ምክሩን ቆሜ እሰማዎታለሁ።"

አነሧት። የግራ ክንዷ ተሰብሮ ነበር። ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዷት እንኳ ስለ ክንዷ አላወራችም፤ የክትባቱን ሳጥን ፀሐይ እንዳይመታው ጥላ ሥር አስቀምጡልኝ ትል ነበር።

ወሬው ሞጣ የደረሰው ክንዷ ላይ ያለው ጀሶ ሳይደርቅ ነው። እንደ ወሬ ሁሉ በመንገድ እያደገ ሄደ። ደብረ ወርቅ ላይ እግሯም ተሰበረ፤ ሞጣ ሲገባ ሞታ ነፍስ የዘራች ሆናለች። ሞጣ የሚኖሩት እናቷ ወይዘሮ ባንቺዓለም በስልክ ድምፅዋን ሰምተው በሕይወት መኖሯን ካረጋገጡ በኋላ፣ ለልቅሶ ጊዜ አላጠፉም። በቀጥታ ወደ ቤተሰቡ የነፍስ አባት፣ ወደ አባ ገብረ ሕይወት ሄዱ። በሰው ምክር የማትመለስ ልጅ በግዝት ትመለሳለች ብለው ነው። የነፍስ አባት በሥላሴ ስም "ይህን እንዳታደርጊ ገዝቼሻለሁ" ካለ ነገሩ አለቀ። ከመጠጥ የማይመለሰው የተመለሰው፣ ወንድሙን ሊገድል ጠመንጃ ያነሣው ጠመንጃውን ያስቀመጠው በግዝት ነው።

በማለዳው መኪና ሁለቱም ቢቸና ገቡ። ለምስክር ያህል እኔም ተጠራሁ። ነገር ማቅናት አልችልበትም፤ ከበሩ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

እፀገነት አባን በበሩ ሲገቡ ስታይ ወዲያው ገባት። መስቀል ተሳለመች፣ እናቷን ሳመች፣ አምባሻ ቆርሳ ጠላ ቀዳች። ከዚያ ዕቃ እንደምታመጣ ሁሉ ወደ ግቢው ወጥታ ቀረች። ሞተር ሳይክሉ መሪው ተጣሞ ከቤቱ ጥግ ቆሟል። አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

"ነይ ግቢ፣ አባ ሊያናግሩሽ ነው" አሉ እናቷ።

"ከዚህም ይሰማኛል።"

አባ ገብረ ሕይወት ለሙግት የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። አንድ እግራቸውን ሳብ እያደረጉ በሩ ድረስ ወጡ፣ መስቀላቸውን ያዙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ እፀገነት፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሞተር ላይ እንዳትወጪ፣ በአብ፣ በወ..."

እፀገነት መርገጫውን ረገጠችው። ሞተሩ ተነሣ።

አባ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እሷም በደህናው እጇ ነዳጅ ሰጠች። አባ ዝም ሲሉ ሞተሩ ዝግ ይላል፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ይጮኻል። ዶሮዎቹ በአጥሩ ሥር ሾልከው ወደኔ ግቢ ገቡ። በረንዳው በጭስ ተሞላ።

"በሥላሴ ስም ላይ!" ጮኹ ወይዘሮ ባንቺዓለም፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። "ምን ዓይነቷን ነው የወለድኩት!"

"እማዬ፣ ስሙን አልሸፈንኩም፤ ግዝቱን ነው የሸፈንኩት!"

"ያልተሰማ ግዝትም ይይዛል!"

"አይይዝም!"

እናትና ልጅ ፍርድ ፍለጋ ሁለቱም ወደ አባ ዞሩ። አባ ሳል ይዟቸው ነበር። "እኔ እንጃ" አሉ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "እንዲህ ያለ ገጥሞኝ አያውቅም።"

ሳቄ አመለጠኝ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ዞር ብለው አዩኝና ቶሎ ዋጥኩት።

"አጥፊው" አሉ አባ። "ተነጋግረን እስክንጨርስ አልገዝትሽም።"

"ቃልዎ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ አጠፋችው። እጇን ግን ከመሪው ላይ አላነሣችም።

"አባ፣ ግዝትዎን ከሰማሁ እታዘዛለሁ። አልታዘዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ጆሮዬን ለምን እደፍን ነበር? እማዬም ይህን ስለምታውቅ ነው ከሞጣ ድረስ ያደከመችዎ። ሞተሩን ከተውኩ ደግሞ ሥራዬን ተውኩ ማለት ነው። አለቃዬ ቁልፉን ለሌላ ሊሰጥ ተዘጋጅቷል፤ 'አንቺ ቢሮ ትቀመጫለሽ' ብሎኛል። ቢሮ ውስጥ የምትወልድ ላም የለችም። ሙሉአለም በማግስቱ ባጃጁን አስነሥቶ ወጥቷል። እሱን ማን ገዘተው?"

"እሱ ወንድ ነው!" አሉ እናቷ።

"ሽምብራው ወንድና ሴት አይለይም፣ እማዬ።"

አባ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን ዘረጉና ጉልበታቸውን አሹ።

"ይህ እግርዎ" አለች እፀገነት፣ "በቅሎዎ ጥላዎት አይደለም እንዴ?"

"በቅሎዬን አትንኪብኝ።"

"አልነካኋትም። ከዳኑ በኋላ በእግርዎ ሄዱ ወይ ነው የምለው።"

"ምኑን እሄዳለሁ!" አሉ አባ ቆጣ ብለው። "በዚህ እግሬ እየተጎተትኩ እስክደርስ ስንቱ ሳይናዘዝ ይሞት ነበር?"

ይህን ብለው የተጣመመውን የሞተሩን መሪ ቀና ብለው አዩ።

"አባ፣ ይገዝቱልኝ እንጂ!" አሉ ወይዘሮ ባንቺዓለም። አሁን ድምፃቸው ቁጣ ብቻ አልነበረም። "ልጅ እኮ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ነገ ሬሳዋን ይዘውልኝ ሊመጡ ነው?"

አባ መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወደ ደረታቸው መለሱት። "እትዬ ባንቺዓለም፣ እኔ ነገ ጠዋት በቅሎዬ ላይ እወጣለሁ። እሷን ገዝቼ እኔ ኮርቻዬ ላይ ብቀመጥ እግዜር ይታዘበኛል።" ወደ እፀገነትም ዞሩ። "አንቺም ብትሆኚ ያንን ክንድ ሐኪሙ ሳይፈታው እንዳትነኪው። ይህ ግዝት አይደለም። ምክር ነው።"

"ምክርማ እሰማለሁ" አለች።

እናቷ ግን ምንም አልሰሙም። ጠላውን ሳይቀምሱ ተነሡ። መኪና ተራ ስንሸኛቸው እፀገነት ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። አልከለከሏትም፤ ግን እንደ ወትሮው እጃቸውን ራሷ ላይ አላኖሩም።

"አልመርቅሽም" አሉ።

"አትመርቂኝ። ብቻ አትርገሚኝ።"

"እሱንም አላውቅም" ብለው ገቡ።

ጀሶው ተፈትቶ መሪው ከተቃና በኋላ እፀገነት ሥራ የጀመረችው ሆን ብላ በገበያ ቀን ነው። የግራ እጇ ከስቶ ነበር፤ ማርሽ ስትቀይር ፍሪሲዮኑን ለመጨበጥ ጥርሷን ትነክሳለች። ከግቢው በር ሳትወጣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋባት። ልግፋልሽ ብዬ ጠጋ ስል "ቆይ፣ ራሴ ልሞክር" አለችኝ። በሦስተኛው ወጣች። ከዋናው መንገድ ስትደርስ ገበያተኛው አያት፤ አንዳንዱ አማተበ፣ አንዳንዱ አፏጨ። በአህዮቹና በባጃጆቹ መሐል ቀስ ብላ፣ ጡሩምባዋን እየነፋች አለፈች። እኔ እስከ መታጠፊያው ድረስ በእግሬ ተከተልኳት፤ ከዚያ ወዲያ አልደርስባትም።

የቀረውን የነገረችኝ እሷ ናት። ገጠር ደርሳ ሞተሩን እንዳቆመች ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው።

"ደረስሽ?"

"ደረስኩ።"

"አልመረቅኩሽም።"

"አውቃለሁ፣ እማዬ።"



"ነገም ልትሄጂ ነው?"

"ነገም።"

"እንግዲያው ስትደርሺ አንቺው ደውይ" አሉና ስልኩን ዘጉት።