ጥቁር የማይታይበት ሰፈር

ጅቡቲ ከመምጣቴ በፊት ሰው የሚለብሰው ብርድ ስላለ ነው ብዬ አምን ነበር። ደሴ የተወለደ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? እዚህ ግን በሐምሌ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል፤ ሰዉ ታዲያ ልብስ በመቀነስ ፈንታ ይጨምራል። ይሄ ነገር ሲከነክነኝ ኖረ።

ሄሮን በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር በተመላላሽነት የምሠራበት ቤት ዘበኛ ቀኑን ሙሉ በሽርጥ ይውልና የጌቶቹን መኪና ጥሩምባ ሲሰማ ሮጦ ሱሪ ያጠልቃል። አንድ ቀን፣ "ለእኔስ ሱሪ የማትለብሰው ለምንድን ነው?" አልኩት።

"አንቺማ የቤት ሰው ነሽ" አለኝ። ክብር ይሁን ንቀት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ የሰው ልብስ ማየት ሥራዬ ሆነ። ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ካርቲየ 6 በአውቶቡስ ስመለስ፣ ድሪያ የሚሉትን ስስ ቀሚስ የለበሱትን ሴቶች እያየሁ የትኛዋ ሠርግ እንደምትሄድ፣ የትኛዋ ዓሣ ልትገዛ እንደወጣች ከሥሩ በሚታየው የጉርዳቸው ዳንቴል እገምት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ አልሳሳትም፤ ቢያንስ እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ የሞተ ጊዜ ይሄን ሁሉ ዕውቀቴን ውሃ በላው። አገር ቤት መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ። እኔ የሰው ሳህን እያጠብኩ በስልክ ሰማሁ። የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረኝ አንዴ ከጅቡቲ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ ቀብሩ ላይም አልደረስኩም። የቀረኝ ከል መልበስ ብቻ ነበር። ገበያ ወርጄ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻሽ ገዛሁ፤ ለብሼም የሚጠይቀኝን ሰው መጠበቅ ጀመርኩ።

ደሴ ቢሆን ጥቁር የለበሰች ሴት ሁለት ቤት ሳታልፍ "ምነው፣ ማን ሞተብሽ?" ትባላለች። ካርቲየ 6 ግን ግማሹ ሴት ጥቁር አባያ ለባሽ ነው። ማንም ዞሮ አላየኝም። እንዲያውም ባለሱቁ "ዛሬስ አምሮብሻል!" ሲለኝ አንጀቴ አረረ። እንዳልነግራቸው ደግሞ ሐዘንተኛ ይጠየቃል እንጂ እየዞረ እዘኑልኝ አይልም። አንድ ሰው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" እስኪለኝ ድረስ አባቴ የሞተ አይመስለኝም ነበር። ማልቀስም አቃተኝ።

ለአርባው ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ጥቁሩን አውልቄ ነጭ ቀሚስ ለበስኩ። ነጠላዬንም ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው አዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አውጥቼ ተከናነብኩ። በሩ ላይ አከራዬ አገኙኝ። ዕድሜያቸው የገፋ የሶማሌ ሴት ናቸው፤ አማርኛውን ከተከራዮቻቸው የለቃቀሙት ነው። ሲያዩኝ የያዙትን ባልዲ መሬት አስቀመጡ።

"ልጄ፣ ባል ነበረሽ? መቼ ሞተ?"

ግራ ገባኝ። "ባል የለኝም። ምነው እማማ?"

"ታዲያ ነጩ ምንድን ነው? እኛ ዘንድ ነጭ የምትለብስ ባሏ የሞተባት ናት።"

በሌላ ቀን ቢሆን የጥያቄ መዓት አወርድባቸው ነበር፤ ለስንት ጊዜ ትለብሳለች? ሲያበቃ ማን ያስወልቃታል? የዚያን ዕለት ግን ሌላው ሁሉ ጠፋኝ።

"የሞተው አባቴ ነው። ወር አልፎታል" አልኳቸው።

"ወላሂ? እስከ ዛሬ ምን ለብሰሽ ነበር?"

"ጥቁር።"

የራሳቸውን አባያ ከላይ እስከ ታች አዩት። "ጥቁርማ እኔም ለብሻለሁ! በምን ልወቅ?" ብለው ተቆጡኝ። ቁጣቸው ደስ አለኝ፤ ለእኔ ሲል የተቆጣ ሰው ካየሁ ቆይቼ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ የግቢው ሴቶች ሁሉ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። መሐላቸው አስቀመጡኝ። አንዳንዶቹ ቋንቋዬን አያውቁም፤ ቢሆንም ፊታቸው ሐዘን ቤት እንደገባ ሰው ፊት ነበር። አከራዬ እጄን ያዙ።

"በይ ንገሪን። አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ረጅም ነው" አልኩ። "ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው..." ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም፤ ምንጣፉ ላይ ተደፍቼ ጮኼ አለቀስኩ።