እትዬ ዘኪያ የተቀመጡበት ሣር

ጋሽ ቡሽራ አትክልተኛ ነበሩ። ከቁስቋም በታች፣ ከሰፈራችን ራስጌ ያለውን ትልቁን ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት ተንከባክበዋል። መጀመሪያ የቀጠሯቸው የግቢው ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ናቸው። በስልሳ ሰባት ትርፍ ቤት ሲወረስ ወይዘሮዋ ወጡ፤ ግቢው የመንግሥት እንግዶች ማረፊያ ሆነ። ጋሽ ቡሽራ ግን ከጥዱና ከጽጌረዳው ጋር እዚያው ቀሩ። "እኔንም ከዕቃው ጋር ቆጥረው ተረከቡኝ" ይሉ ነበር።

የግቢው አጥር ድንጋይ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ሰው ያህላል። ከአጥሩ ወዲህ የእኛ ቤቶች ተደጋግፈው ቆመዋል። አሥራ አንድ አባወራ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ይጋራል። ዛፍ የሚባል የለም። ሣር የምናየው በዓውደ ዓመት ገዝተን ስንጎዘጉዝ ብቻ ነው። አጥሩ በምሥራቅ በኩል ስለሚጋርድ ፀሐይ ጋሽ ቡሽራ ደጃፍ የምትደርሰው አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ የጎረቤት ጣራ ይወስዳታል። በወይዘሮዋ ጊዜ በዓመት አንድ ቀን፣ ኅዳር ስድስት ለቁስቋም፣ በሩ ለሰፈሩ ይከፈትና ሰው ሣሩ ላይ ይውል ነበር። ከተወረሰ በኋላ ግቢው የሕዝብ ነው ተባለ፤ ያቺ አንድ ቀንም ቀረች።

የጋሽ ቡሽራ ባለቤት እትዬ ዘኪያ ደረታቸውን ያማቸው ነበር። ሁለቱም የወሎ ሰዎች ናቸው፤ ልጅ አልነበራቸውም። ሐኪሙ ኪኒኑን ከጻፈላቸው በኋላ ከጭስ እንዲርቁ፣ ፀሐይና ንጹሕ አየር እንዲያገኙ አዘዛቸው። እትዬ ዘኪያ የመድኃኒት ማዘዣውን ለጎረቤት እያሳዩ፣ "ኪኒኑንስ ፋርማሲው ሰጠኝ። ንጹሕ አየሩን ግን አልቆብናል፣ ሌላ ቦታ ሞክሪ አሉኝ" ብለው አሳቁን።

ወደ እንጦጦ መውጣት የማይታሰብ ነበር፤ ዳገቱ እንኳን እሳቸውን ጤነኛውንም ያስቃስታል። ስለዚህ ጋሽ ቡሽራ በጓሮ በር ያስገቧቸው ጀመር። በሩ ትንሽ የቆርቆሮ በር ናት፤ ደረቅ ቅጠልና ጥራጊ የሚወጣባት። ከቤታቸው ሠላሳ እርምጃ አትሞላም። ጠዋት እንግዶቹ ወደ ስብሰባቸው ሲሄዱ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ እትዬ ዘኪያ ጆንያቸውን ይዘው ይገባሉ። ከጥዱ ሥር ሣሩ ላይ ያነጥፉና ምስራቸውን እየለቀሙ እስከ አምስት ሰዓት ይቀመጣሉ። ዘበኛው መሸሻ ያውቅ ነበር። መጀመሪያ ፊቱን ያዞር ነበር፤ በኋላ መቀለድ ጀመረ። "ጋሽ ቡሽራ፣ ልዑካኑ ገብተዋል?" ይላል።

አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ። የእትዬ ዘኪያ ሳል ቀነሰ። ግማሽ ባልዲ ውኃ ከቧንቧው ራሳቸው ማምጣት ጀመሩ፤ ይህ በሰፈሩ ወሬ ሆኖ ነበር።

በሰባ አንድ የካቲት ላይ አንድ ቀን የማረፊያው ኃላፊ መኪና ያለ ሰዓቷ ተመለሰች። እትዬ ዘኪያ ከጥዱ ኋላ ተደበቁ። ሳሉ ሲመጣባቸው ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ያዙት። መኪናዋ እስክትወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች። ጋሽ ቡሽራ ሲደርሱ የእትዬ ዘኪያ ከንፈር ጠቁሮ ነበር፤ አዝለው አወጧቸው።

በዚያው ሳምንት የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ከበላይ የመጣው ተናጋሪ፣ የባላባቱ የአትክልት ቦታ ዛሬ የሰፊው ሕዝብ ነው፣ ጥያቄ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ አለ። አጨበጨብን። ስናጨበጭብ ያመነ ሰው አልነበረም መሰለኝ። ጋሽ ቡሽራ ግን አመኑ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩ ስለነበርኩ የሰፈሩን ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ቤታቸው አስጠሩኝ። እትዬ ዘኪያ ነገሩን አልወደዱትም።

"ተወኝ አንተ ሰውዬ" አሏቸው። "በሩ ክፍት ነው። ክፍት በር ምን ያስንኳኳል?"

"ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ጽጌረዳ ደብቄ አላወጣሁም" አሉ ጋሽ ቡሽራ። "ሚስቴን ደብቄ አላስገባም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ሌላ ምንም አልጠይቅም። ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ትቀመጥ። መሳልም ካለባት እንደ ሰው ተቀምጣ ትሳል። ይህንኑ ጻፍልኝ።"

የነገሩኝ ይኸው ነበር። እኔ ሁለት ገጽ አደረግሁት። የሰፊውን ሕዝብ መብት አስገባሁ፣ የሐኪሙን ትእዛዝ አስገባሁ። ያነበብኩላቸው ረቂቁን ነው፤ ደስ አላቸው። ቤቴ ገብቼ በደህና ወረቀት ስገለብጠው ግን ማስረጃ ያነሰው መሰለኝና አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። "አመልካቹ ባለቤታቸውን ካለፈው ዓመት ጀምሮ በጓሮ በር እያስገቡ ሣሩ ላይ በማሳረፋቸው ጤናቸው በግልጽ ተሻሽሏል" የምትል። ቆንጆ ዓረፍተ ነገር መስላኝ ነበር። ጋሽ ቡሽራ ቁርኣን ቀርተዋል፣ ዓረብኛውን ያነባሉ፤ የአማርኛ ፊደል ግን አይለዩም ነበር። በማግሥቱ አውራ ጣታቸውን አተሙበት።

መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ አነበብኩላቸው። እትዬ ዘኪያ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ወረቀቱ፣ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም፣ አመልካቹ ራሳቸው በማመልከቻቸው እንዳመኑት ያልተፈቀደለት ሰው በጓሮ ሲያስገቡ ስለቆዩ በሩ በአስቸኳይ ይደፈን፣ ለእሳቸውም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል ይላል። እኔ "ራሳቸው በማመልከቻቸው እንዳመኑት" የሚለውን ዘለልኩት።

ጋሽ ቡሽራ፣ "ሰዎቹ እንዴት ሊያውቁ ቻሉ?" ብለው ጠየቁኝ። እንጃ፣ ያየ ሰው ነግሯቸው ይሆናል አልኩ። ያየው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን መሸሻ ከማረፊያው ተነሥቶ ቄራ አካባቢ ወዳለ መጋዘን ተዛወረ። ጋሽ ቡሽራ ይህን ለጥቆማው እንደተሰጠ ሹመት ቆጠሩት።

በሩን የደፈነው ግንበኛ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ሲሚንቶውን ያቦኩለት ግን ጋሽ ቡሽራ ናቸው፣ ታዘው። እኛ ከውጭ ሆነን ድንጋዩ አንድ ባንድ ሲደረደር እናይ ነበር፤ ከወዲያ በኩል የአካፋቸው ድምፅ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ዘኪያ ፀሐይ የሚሞቁት መጸዳጃ ቤቱ ጥግ፣ መተላለፊያው ላይ ሆነ። ከሰፈሩ ቀድማ ፀሐይ የምትገኘው እዚያ ነው። በርጩማቸውን ከፀሐይዋ ጋር እየጎተቱ ይከተሏታል፤ ሰው ሲያልፍ ይነሣሉ። በሩ ስለተደፈነ ግቢው ውስጥ የሚቃጠለው ቅጠል ጭስ ሲመጣ ወደ ቤት ይገባሉ፤ ቤትም ጭስ ነው። ማታ ማታ ባላቸውን ምን አበበ እያሉ ይጠይቋቸው ነበር አሉ። ጋሽ ቡሽራ መጀመሪያ ይነግሯቸው ነበር፤ ኋላ ተዉት። ክረምቱ ገባ፣ ፀሐይዋም ጭራሽ ጠፋች። ነሐሴ ሳይጋመስ እትዬ ዘኪያ ሞቱ። ኮልፌ ቀበርናቸው።

ጋሽ ቡሽራ በአራተኛው ቀን ሥራ ገቡ፤ አበባው ለመስከረም እንግዶች መድረስ ነበረበት። ስለ ግቢው ሲያወሩ የሰማኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። "ከእሷ በኋላ እዚያ ሣር ላይ የተቀመጠ ሰው አላየሁም" አሉ። "እንግዶቹ ወንበር ነው የሚወዱ።"

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዚያው ክረምት ተጀምሮ ስለነበር ጋሽ ቡሽራ በሁለተኛው ዙር ተመዘገቡ። ከሥራ ሲወጡ ደብተራቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ቀበሌ ይሄዳሉ። ትጋታቸውን አስተማሪዎቹ ለሌላው ምሳሌ ያደርጉት ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እንደሚያነቡ አላሰብኩም።

በሰባ ሁለት ሚያዝያ አንድ እሑድ ከሰዓት ቤቴ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። ያንን የመልስ ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው፣ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ አነበቡልኝ።

"ራሳቸው... በማመልከቻቸው... እንዳመኑት።" ቀና አሉ። "ይህን እኔ አላልኩህም።"

"አላሉኝም" አልኩ።

"ያን ቀንም አላነበብክልኝም።"

"አላነበብኩም።"

ወረቀቱን በእጥፋቱ መልሰው አጠፉት። ቁጣ ብጠብቅም አልተቆጡም።

"ዘኪያ ጠርጥራ ነበር" አሉ። "ልጁ ሲያነብ አንድ ቦታ ላይ ምራቁን ዋጠ አለችኝ። ሰው አትጠርጥሪ ብዬ የተቆጣኋት እኔ ነኝ።" ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱ። "መሸሻን ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቼው ፊቴን አዞርኩበት። ጋሽ ቡሽራ፣ ጋሽ ቡሽራ እያለ ሲከተለኝ።"

ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ቃሉ አልመጣልኝም፤ ለሰው ሁለት ገጽ የምጽፈው ሰው።

መሸሻ ያለበት መጋዘን የት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሩቅ ነው፣ አብሬዎት ልሂድ ብዬ ኮቴን አነሣሁ።

"አንተ ቆይ" አሉኝ።

ብቻቸውን ወጥተው ቁልቁለቱን ወረዱ።