የጋሽ ደምሴ ወይራ

አሜሪካ፣ ሶዶ በሚባለው ሰፈር ባለው የቤት ዕቃ መሥሪያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃችን ሮን ምን ምን እንጨት እንደማውቅ ጠየቀኝ። አዲስ አበባ አናጢ ነበርኩና ደረቴን ነፍቼ ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ እያልኩ ዘረዘርኩለት። አንዱንም አላወቀውም። እሱም የራሱን ዘረዘረልኝ፤ እኔም አንዱንም አላወቅሁም። በዕውቀት እኩል መሆናችንን ካረጋገጥን በኋላ መጥረጊያ ሰጠኝ።

የሮን ሕግ አንድ ነው። እንጨት በጎኑ አይታወቅም። ጫፉን በስለት ላጭተህ፣ ቀዳዳዎቹን በማጉያ መነጽር አይተህ፣ ከዚያ በኋላ ስሙን ትጠራለህ። ከዚያ በፊት አፉን የከፈተ ሰው የሙጫ ባልዲ ያጥባል። እኔ ብዙ ባልዲ አጥቤያለሁ።

የእኛ ሰው ግን መነጽር አያስፈልገውም። ቀላ ካለ ጥድ ነው፣ ቡናማ ከሆነ ዋንዛ ነው፣ ጥቁርና ከባድ ከሆነ ወይራ ነው፤ አለቀ። ዛፉ ብራዚል ይብቀል ካናዳ ግድ የለውም። አናጢ መሆኔ በከተማው ሐበሻ ዘንድ ከተሰማ ወዲህ ያልመጣልኝ ወይራ የለም። አንዱማ የፑል መጫወቻ ዱላ ይዞ መጥቶ ወይራ ነው ብሎ ሞግቶኛል።

ከሁሉም የማልረሳው የጋሽ ደምሴን ነው። ጋሽ ደምሴ ቤልቪው በሚባለው ጎረቤት ከተማ ከልጃቸው ከሰላምና ከባለቤቷ ጋር የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ሊነሳ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰላም እየነዳች መሥሪያ ቤታችን ድረስ አመጣቻቸው። በፎጣ የተጠቀለለ ክንድ የሚያህል ጥቁር ጉማጅ እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ጎረቤታቸው የድሮ የአትክልት ቦታ ግድግዳ ሲያፈርስ ከጣለው ክምር ውስጥ ነው ያገኙት።

የፈለጉት ቀላል ነገር ነው። ለክርስትናው ጠላ ይጠመቃል፤ በሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልላ ከአገር ቤት የመጣች እንስራ አለች፤ እንስራዋ በወይራ ትታጠናለች። እኔ ጉማጁን በመጋዝ ሰንጥቄ ማጠኛ ላደርግላቸው ነው።

«ይኸውልህ ወርቁ፣ እግዜር አሜሪካም ወይራ አለው» አሉኝ። «እስቲ አሽትተው። ገና ሳይነድ ጢስ ጢስ ይላል።»

አሸተትኩት። እውነትም ጢስ ጢስ ይላል። ሰላም፣ ሬድመንድ የኮምፒውተር ሥራ የሚሠራው ባለቤቷ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቼክ እንዳደረገው፣ ስልኩም የቸኮሌት ኬክ ነው እንዳለው ነገረችኝ። እኔም ከስልኩ አልተሻልኩም። በእጄ መዘን አደረግሁትና ዞጲ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ዞጲ የሚባለውን ጥቁር እንጨት በዕድሜዬ ያየሁት ማበጠሪያ ሆኖ ብቻ ነው። ሮን ባልዲውን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

ጫፉን በመሮ ላጨሁት። ቀዳዳዎቹ ያለ መነጽር ይታያሉ፤ በመርፌ የተወጉ ይመስል በየዓመቱ ቀለበት ላይ ተሰልፈዋል። የወይራ ቀዳዳ በመነጽርም በጭንቅ ነው የሚታየው። የያዝኩት ኦክ የሚሉት የፈረንጅ እንጨት ነበር። ኦክ ደግሞ እንዲህ አይጠቁርም። መብራቱ ሥር ትንሽ ሲሞቅ ከቀዳዳዎቹ ጥቁር ዘይት አላበው።

ሮን ጠጋ ብሎ አሸተተና ጓንት አድርግ አለኝ። ከባቡር ሐዲድ ሥር የሚጋደም፣ ሲያረጅም ሰው ለአትክልት ቦታ ግድግዳ የሚወስደው እንጨት ነበር። እንዳይበሰብስና ምስጥ እንዳይበላው ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ዘይት ይነከራል፤ ጢስ ጢስ የሚለውም ዘይቱ ነው። ሲነድ የሚወጣው ጢስ መርዝ ነው። ምስጥ የማይደፍረውን ለክርስትና እንግዳ ልናጠጣ ነበር።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ ወይራ አይደለም» አልኳቸው። «ቢያቃጥሉት ሰው ይጎዳል።»

አሜሪካ ብዙ ከመቀመጤ የተነሳ አፍንጫዬ እንደ ተደፈነ ነገሩኝ። የሐዲዱን ነገር አስረዳኋቸው፤ የዘይቱን ላብ በጣቴ አሳየኋቸው። ሰላም እጃቸውን ይዛ «አባዬ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ይቅር። ቢራ ኦርደር አድርገናል» አለቻቸው።

«ቢራውን እናንተ» አሉ። «ምግቡን እናንተ። አዳራሹን እናንተ። እኔ ለልጅ ልጄ ያገኘሁለት ይሄን ብቻ ነበር።»

አንጀቴን በሉት። ያን ሰዓት መነጽሩንም ሕጉንም ጠላሁ።

ሮን ምን እንዳሉ ጠየቀኝና ነገርኩት። ወደ ቁርጥራጭ ሳጥኑ ሄዶ፣ ለቢላ እጀታ ያስቀመጠውን ከካሊፎርኒያ የመጣ እንጨት አወጣ። ፍሬው ለዘይት የሚጨመቀው ወይራ ነው፤ የእኛው ወይራ የሥጋ ዘመድ። የባልዲውን ነገር አስቤ መጀመሪያ ጫፉን ላጨሁት። ቀዳዳዎቹ ደቃቅ ናቸው፤ ልክ ነው። ለጋሽ ደምሴ ሰጠኋቸው። አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ መለሱልኝም።

«ይሄማ ወይራ አይደለም» አሉ በሙሉ ልብ። «ምንም ጢስ የለው።»

ካልነደደ ጢስ ከየት ያመጣል ብዬ መከራከሩን ተውኩት። ከበስተኋላ በኩል ግቢው ውስጥ በባዶ ጣሳ ትንሽ ፍቅፋቂ አነደድኩ። ጢሱ ሲወጣ ጎንበስ ብለው ማጉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ውሃ ሞልቶ ነበር፤ ጢሱ ይሁን ሌላ አልጠየቅኋቸውም።

«ሰንጥቀው» አሉኝ። ቀጥለው ሰላምን፣ ፈረንጁም ለክርስትናው እንዲመጣ ንገሪው አሏት።

ሮን መጣ፤ ጠላውንም ሦስቴ አስቀዳ። ጋሽ ደምሴ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው፣ ከበው ለተቀመጡት እንግዶች እንዴት በአፍንጫቸው ብቻ አሜሪካን የሚያህል አገር ውስጥ ወይራ ፈልገው እንዳገኙ ያወራሉ። ወሬያቸው በባቡር ሐዲድ በኩል አላለፈም። አንድ እንግዳ አንተ የእንጨት ሰው ነህና እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እውነት ነው አልኩት።

ለወጣት አናጢዎች የምለው ይህ ነው። ጫፉን ሳትላጭ ስም አትጥራ፤ ስሙን ያላወቅኸውን እንጨት አታንድድ። እንስራዋ የታጠነችው በትክክለኛው እንጨት ከሆነ ግን፣ ማን አገኘው የሚለውን ለባለ ድግሱ ተወው።