የተላጠው ጎድን

ሰፈሩ ሁሉ «ማኅተም» እያለ ነው የሚጠራቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቄራ ውስጥ ሥጋ ሲመረምሩ፣ ደህናው ላይ ሰማያዊ ማኅተም ሲመቱ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ስሙ ግን አብሯቸው ቤት ገባ። ባለቤታቸው «ሰው ቤት ተጋብዘው እንኳ ሥጋውን ሳያገላብጡ አይጎርሱም» እያሉ ያሾፉባቸዋል። እውነታቸውን ነው።

ጫካው ቅርብ ስለሆነ አዳኞች የገደሉትን እያመጡ ያሳዩአቸዋል። እሳቸው ደግሞ አንድ ነገር ላይ ድርቅ ይላሉ፤ ሳንባና ጉበቱ አብሮ ካልመጣ አይፈርዱም። ሸክም ለማቅለል ሆድ ዕቃውን ጫካ ጥሎ የመጣውን «ደብዳቤውን ጥለህ ፖስታውን አመጣህልኝ» ብለው ይመልሱታል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታናሽ ወንድማቸው አስጠራቸው። ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ የለውም፤ ሦስት ልጆች አሉት። ማገዶ ቤቱ ውስጥ አንድ አጋዘን ተገፎና ታጥቦ ተሰቅሏል። ሚስቱ ድስቷን ጥዳ በር ላይ ቆማለች።

«እርስዎ ይሁን ካላሉ ለልጆቼ አላቀምስም ጋሼ» አለች።

«ሆድ ዕቃውስ?»

«ከበደኝና እዚያው ጣልኩት» አለ ወንድምየው። «ሲሮጥ ነው የመታሁት፤ ደህና ነበር።»

እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን አዙረው መሄድ ነበረባቸው። ግን ልጆቹ በመስኮት ያያሉ። አንጀታቸው አልቻለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሳንባ ሊፈርዱ መነጽራቸውን አወጡ።

አጋዘኑ ከስቷል። ይህ ብቻውን አያስፈርድም። ባትሪያቸውን አብርተው ደረቱ ውስጥ አጎነበሱ። የጤነኛ እንስሳ ጎድን ውስጡ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን አለው። የዚህ በቢላ ተልጦ ተነስቷል። ከታች በግራ በኩል ብቻ መዳፍ የምታህል ቀርታለች፤ እሷ ላይ ፍሬ ፍሬ እብጠት ተደርድሯል። ሳንባው የታመመ እንስሳ ምልክቱ እዚያ ነው፤ የሚልጠውም መርማሪ የት እንደሚያይ የሚያውቅ ሰው ነው። ወንድማቸው ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓመት ቄራ ሠርቷል። ያስቀጠሩት እሳቸው፣ ያስተማሩት እሳቸው።

ተናደዱ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ኀፍረቱ በረታባቸው።

«ለልጆቹ አይሆንም፤ ለውሻም አይሆንም» አሏት።

«ደህና አድርጌ ብቀቅለውስ?»

«ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ገላውን ያዳረሰ በሽታ ነው፤ ድስት አያድነውም። የነካችሁት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ቢላውንም ቀቅሉት።»

ስለ መላጡ ትንፍሽ አላሉም። እሷም ገብታ ድስቷን አወረደች።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከጓሮው ጫፍ ጉድጓድ ቆፈሩ። ጉልበት ድረስ ሲደርስ ታናሽየው አካፋውን ተደግፎ ቆመ።

«አልሮጠም» አለ። «ስጠጋው እንኳ ቆሞ ያየኝ ነበር። ሳንባውንም አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?»

«አንተ ይሁን ካልክ፣ ያበላኋቸው እኔ አይደለሁም ማለት ነው ብዬ።»

«ያችን መዳፍ የምታህለውን ሽፋን ለምን ተውካት?» አሉ ማኅተም። «እንዲህ ያለ ሥራ አላስተማርኩህም።»

«እሷ ጋ ስደርስ ትንሿ ልጄ መጥታ ‹አባዬ ልርዳህ?› አለችኝ። ከዚያ እጄ እንቢ አለኝ።»

ማኅተም የራሳቸውን አካፋ ጣሉ።

«ነካችው?»

«አላስነካኋትም ጋሼ» አለ፤ ማልቀስ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።